ከሞት ተነሣ የተባለው ወፍ፦ የአልዳብራው ሬል ጉዳይ

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን እየነካካሁ አንድ ርዕስ ላይ ወደቅኩ። «ከ136,000 ዓመት በፊት የጠፋ ወፍ ከሞት ተነሣ» ይላል። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ሲሸልስ ውስጥ፣ አልዳብራ የምትባል ቦታ አለች። እዚያ መብረር የማይችል ወፍ ነበር አሉ። ባሕር ደሴቷን ዋጣት፣ ወፉም አለቀ። ባሕሩ ሲሸሽ ግን ያው ወፍ ተመልሶ ተገኘ።

እኔን ያልገባኝ፣ መብረር የማይችል ወፍ ከየት ነው የሚመለሰው? ዋኝቶ ነው? ወይስ ጸሐፊው ነው የቀደደብን? ፎቶውን አይቻለሁ። ቄብ ዶሮ የመሰለ፣ ቀላ ያለ፣ ጉሮሮው ነጭ። የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ። መልኩን፣ ኑሮውን፣ ጠባዩን፣ ሁሉንም።

ካላየሁ አላምንም፦
ቀደዳ ነው። የሞተ አይነሣም። ወደ ሌላ ርዕስ እንለፍ።

ላባ ቆጣሪ፦
ቆይ እንጂ አትቸኩል። ወሬው መሠረት አለው። ርዕሱ ነው ያጣመመው።

ወፉ «ነጭ ጉሮሮ ሬል» ነው የሚባለው። ሬል አንድ ሰፊ የወፍ ቤተሰብ ነው። እግረ ረጅም፣ ሰውነቱ ከጎን ቀጠን ያለ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መሹለክለክ የሚወድ። ማዳጋስካር ላይ ያለው ነጭ ጉሮሮ ሬል ይበራል። አልዳብራ ላይ ያለው አይበርም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ድሮ ድሮ ከማዳጋስካሮቹ ጥቂቶቹ በረው አልዳብራ ደረሱ። ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦታው ላይ የሚያሳድዳቸው አውሬ የለም። ምግቡ መሬት ላይ ተበትኗል። ታዲያ ለምን ይብረሩ? ትውልድ በትውልድ ሲተካ ክንፉ ደከመ፣ እግሩ ደነደነ፣ መብረር ቀረ። ከ136,000 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ከፍ አለና ቦታውን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። የማይበር ወፍ የት ይገባል? አለቀ።

ከ118,000 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የበረዶ ዘመን መጣና ባሕሩ ሸሸ። አልዳብራ እንደገና ብቅ አለች። ማዳጋስካር ያሉት የሚበሩት ዘመዶች እኮ ምንም አልሆኑም ነበር። እንደገና መጡ። እንደገና መብረር ተዉ።

ስለዚህ የሞተ አልተነሣም። ወላጁ ሁለተኛ ልጅ ወለደ። ሁለተኛውም ቁርጥ የመጀመሪያውን መሰለ።

ጠያቂው፦
አሃ! አሁን ገባኝ። የመጀመሪያውና የአሁኑ ታዲያ አይዛመዱም ማለት ነው?

ላባ ቆጣሪ፦
ይዛመዳሉ፣ ግን አንዱ ከሌላው አልተወለደም። ሁለቱም የተገኙት ከዚያው ከሚበረው ከማዳጋስካሩ ነው። ወንድማማች ናቸው በለው፣ በመካከላቸው በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ያለ ወንድማማች።

ካላየሁ አላምንም፦
አንተ ላባ ቆጣሪ፣ 136,000 ዓመት ማን ቁጭ ብሎ ቆጠረው? 135,000 ቢሆንስ?

ላባ ቆጣሪ፦
መጀመሪያ «አንቺ» በለኝ። ሁለተኛ፣ የድንጋዩን ነገር ከእኔ የሚያውቁት ጋሼ ድንጋይ ፈላጭ ናቸው። ጋሼ፣ ካሉ ብቅ ይበሉ እስቲ።

ድንጋይ ፈላጭ፦
አለሁ ልጄ። ሻይ እያፈላሁ ነበር።

አልዳብራ አቶል ናት። አቶል ማለት ከባሕር በታች ከሰመጠ ተራራ ጫፍ ላይ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የድንጋይ ቀለበት ነው። መካከሉ ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ዙሪያው ደሴት። የአልዳብራው ቀለበት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አራት ዋና ዋና ደሴቶች አሉት፦ ግራንድ ቴር፣ ማላባር፣ ፒካርድና ፖሊምኒ። አሁን ልብ በሉ፣ የቦታው ከፍታ ከባሕር ወለል 8 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ባሕር ትንሽ ሲያብጥ ጉድ ነው።

ድንጋዩ ታሪኩን በንብርብር ጽፎታል። አንዱ ንብርብር ውስጥ የየብስ እንስሳት አጥንት ይገኛል። የኤሊ፣ የወፍ፣ ዛሬ የሌለ ትንሽ አዞ ሳይቀር። ከዚያ በላይ ያለው ንብርብር ኮራልና የባሕር ዛጎል ብቻ ነው። ይህ ማለት ያ መሬት ውኃ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የኮራሉን ዕድሜ ደግሞ በውስጡ ካለው ዩራኒየም መለካት ይቻላል። ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ቆጣሪ ሰዓት ነው። በጥቂት ሺህ ዓመት ቢሳሳት እንኳን ታሪኩ አይለወጥም። ውኃው መጣ፣ ሁሉን ሸፈነ፣ ሄደ።

ጁልያን ሂዩምና ዴቪድ ማርቲል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2019 ጥናታቸውን ያወጡት በእነዚህ አጥንቶች ላይ ነው። ከጎርፉ በፊት ከነበረው ንብርብር የተገኘው የክንፍ አጥንት ነው። ያኔም ወፉ እንደማይበር ያሳያል። ከጎርፉ በኋላ የተገኘው የእግር አጥንት ቢያንስ የ100,000 ዓመት ዕድሜ አለው። ከሚበረው ወፍ እግር ይልቅ የደነደነ ነው። ማለትም ሁለተኛው መጤ ያኔ ወደ እግረኝነት ተሻግሯል።

ካላየሁ አላምንም፦
ጋሼ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከአንድ የእግር አጥንት ይህን ሁሉ?

ድንጋይ ፈላጭ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልቀየምም። አጥንቱ ጥቂት ነው። ማንም አልካደም። ግን ወፍ መብረር ሲተው ሰውነቱ ሚዛኑን ይቀይራል። የክንፉ አጥንት ይቀንሳል። የእግሩ አጥንት ይወፍራል፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ እግሩ ወርዷላ። የሚበረውን የማዳጋስካር ወፍ አጥንትና ዛሬ በአልዳብራ የሚራመደውን ወፍ አጥንት ጎን ለጎን አስቀምጠህ የጥንቱን በመካከላቸው ስታስቀምጠው ወዴት እንደሚያጋድል ይታያል። ዓይን ይፈርዳል።

ጠያቂው፦
ኤሊዎቹስ? አልዳብራ በግዙፍ ኤሊ ነው የምትታወቀው። እነሱ ከጎርፉ እንዴት ተረፉ?

ላባ ቆጣሪ፦
አልተረፉም። እነሱም እንደገና ነው የመጡት። ልዩነቱ፣ ግዙፍ ኤሊ ይንሳፈፋል፣ ያለ ምግብም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በታኅሣሥ 2004 አንድ የአልዳብራ ዝርያ ኤሊ ታንዛንያ፣ ኪምቢጂ ባሕር ዳር ላይ ከውኃ ወጥቶ ተገኝቷል። እግሩ ላይ የባሕር ቅርፊቶች ተጣብቀው አድገው ነበር። ያን ያህል ጊዜ ነው ውኃ ላይ የቆየው። ስለዚህ ኤሊው ተንሳፍፎ፣ ወፉ በርሮ። ዛሬ አልዳብራ ላይ ወደ 100,000 የሚሆን ኤሊ አለ።

ጀልባዬ፦
ይህን ውይይት እያነበብኩ እጄ በላኝ። እኔ ይህን ወፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ!

ከብዙ ዓመት በፊት ሲሸልስ ውስጥ ዕቃና ተመራማሪ በሚያመላልስ መርከብ ላይ ወጥ ቤት እሠራ ነበር። አልዳብራ ከዋናው ደሴት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስንደርስ ሁላችንም ባሕር አንገላቶን ነበር። ዕቃ ስናራግፍ ፒካርድ ላይ ወረድኩ። የምርምር ጣቢያው ያለው እዚያ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጫማዬን ላወልቅ ስል ከቁጥቋጦ ውስጥ ኮሽ አለ። አይጥ መሰለኝ። ዞር ስል ይኸ ባለ ነጭ ጉሮሮ ቆሞ ያየኛል። አንድ ክንድ እንኳን አይርቅም። አይፈራም። አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አደረገ፣ ጭራውን ቀጭ ቀጭ አደረገ፣ ቀረብ ብሎ የጫማዬን ማሰሪያ ይጎትት ጀመር! ትል መስሎት ይሆናል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አብሮኝ የነበረው የጣቢያው ሰው «ዝም ብለህ እይ» አለኝና ሁለት ድንጋይ አንስቶ ቀጭ ቀጭ አደረገ። ሌላ መጣ። ከዚያ ሦስተኛ። ድምፅ ሲሰሙ ከመሸሽ ይልቅ «ምንድን ነው እሱ?» ብለው የሚመጡ ወፎች ናቸው። በዕድሜዬ እንዲህ ዓይነት ወፍ አላየሁም። ምግብ እንዳትሰጡ ተብለናል፣ እኔም አልሰጠሁም። ማሰሪያዬን ግን ወሰደ ማለት ይቻላል።

ጠያቂው፦
ጀልባዬ ወንድሜ፣ ቀናሁብህ። እስቲ መልኩን በደንብ ንገረን። ፎቶው ላይ ቀለሙ እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል።

ጀልባዬ፦
ከዶሮ ያንሳል፣ ከእርግብ ትንሽ ይረዝማል። ራሱና ደረቱ የተቃጠለ ሸክላ ቀለም ነው። ጉሮሮው ላይ አንድ ሰው ነጭ ቀለም የደፋበት ይመስላል። ጀርባው አረንጓዴ ነው ቡኒ ነው ብዬ መወሰን አቅቶኝ ነበር። እግሩ ረዘም ያለ፣ ጥቁር ቢጤ። ከዚህ በላይ ላባ ቆጣሪ ትጨምርበት፣ እኔ የማውቀው ሽንኩርት መክተፍ ነው።

ላባ ቆጣሪ፦
ሽንኩርት ከታፊው በደንብ ገልጾታል። እኔ ጥቂት ልጨምር።

ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ጀርባው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡኒ ነው፣ ጀልባዬ የተቸገረው ለዚህ ነው። ከጭራው ሥር ነጭ አለው። ጭራውን ቀጭ ባደረገ ቁጥር ያ ነጭ ብልጭ ይላል። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ባልና ሚስት ሳይጠፋፉ የሚሄዱት በዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፣ ይህ የራሴ ግምት ነው።

ወንድና ሴቱን በላባ መለየት ይከብዳል። መንቁሩን እዩ። መንቁሩ ረዘም ያለና ጥቁር ነው፣ ሥሩ ላይ ግን ቀለም አለ። የወንዱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። የሴቷ ደማቅ ሮዝ ነው። ከንፈር ቀለም የተቀባች ትመስላለች።

ክንፉን በተመለከተ ብዙ ሰው ጉቶ ክንፍ ይጠብቃል። አይደለም። ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ክንፍ ነው፣ ትንሽ ያጠረ ብቻ። ሲዘል ሚዛን ይጠብቅበታል። ሲጣላ ያራግበዋል። ግን ሰውነቱን ከመሬት አንሥቶ አይሄድም። ለመብረር ትልቁ ነገር የደረት ጡንቻና ያ ጡንቻ የሚያያዝበት ፍርምባ ነው። የደረት ጡንቻ ውድ ዕቃ ነው። ባይሠራም ይበላል። የማይጠቀምበት ወፍ ያን ጉልበት ለእንቁላልና ለእግር ቢያውለው ይሻለዋል። ሬሎች በዚህ ጉዳይ ከሌላው ወፍ ሁሉ ይፈጥናሉ። ጠላት የሌለበት ደሴት ካገኙ ክንፋቸውን ለመተው ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ካላየሁ አላምንም፦
«ጊዜ አይፈጅባቸውም» ስንት ነው? ሚሊዮን?

ድንጋይ ፈላጭ፦
ከላይ ያለውን ቁጥር ራስህ ቀንስ። ደሴቷ ብቅ ያለችው ከ118,000 ዓመት ገደማ በፊት። የደነደነው የእግር አጥንት ደግሞ ቢያንስ የ100,000 ዓመት። ከ20,000 ዓመት ያልበለጠ ነው። በእኛ በድንጋይ ሰዎች ሰዓት ይህ ዓይን መጨፈን ነው።

ካላየሁ አላምንም፦
እሺ፣ ይህ አስደነገጠኝ። ቀጥሉ።

ጠያቂው፦
ኑሮውስ? ባሕር ዳር ነው? ጫካ ነው? ምን ይበላል?

ላባ ቆጣሪ፦
የአልዳብራ መሬት ለሰው እግር አይመችም። ኮራሉ በዝናብ ተቦርቡሮ እንደ ምላጭ ስለታም ሆኗል። አንዱ ጋ ጉድጓድ፣ አንዱ ጋ ሹል። በዚያ ላይ ፔምፊስ የሚባል እንጨቱ ጠንካራ ቁጥቋጦ ተቆላልፎ በቅሏል። ሰው በሰዓት ጥቂት መቶ ሜትር ቢሄድ ነው። ሬሉ ግን በዚያ ውስጥ እንደ መንገድ ይሮጣል። ከዚያ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ቅጠል የረገፈበት ቦታ ይወዳል። ማንግሮቭ በሚባሉት ጨው ውኃ ውስጥ በሚበቅሉ ዛፎች ዳርና ባሕር ዳር ላይም ይታያል። ረግረግ አይፈልግም። ይህ ራሱ የሚገርም ነው፣ ሬል አብዛኛውን ጊዜ የረግረግ ወፍ ነው የሚባለው።

ቅጠሉን በመንቁሩ እያነሣ ወደ ጎን ይወረውራል። ዶሮ በእግሯ ነው የምትጭረው፣ እሱ በመንቁሩ ይገለብጣል። ከሥሩ ያገኘውን ይለቅማል። ነፍሳት፣ ትንንሽ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ። መራጭ አይደለም።

ጥንዶቹ የየራሳቸው ክልል አላቸው። ዓመቱን ሙሉ ይጠብቁታል። ጎረቤት ድንበር ከገፋ ሩጫ ነው፣ አንዳንዴም ድብድብ። ንጋትና ምሽት ላይ ወንዱና ሴቷ አብረው ያዜማሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ረጅም ፉጨት የበዛበት ዜማ ነው። አንድ ጥንድ ሲጀምር ጎረቤቱም ይቀጥላል።

የሚዋለዱት ዝናብ ሲመጣ ነው፣ ከኅዳር ታኅሣሥ ጀምሮ። ጎጆው መሬት ላይ ወይም ከመሬት እምብዛም ሳይርቅ ነው። እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት አካባቢ ነው። ጫጩቶቹ ጥላሸት የመሰሉ ጥቁር ለስላሳ ላባ ይዘው ይወጣሉ፣ ወዲያው በእግራቸው ወላጆቻቸውን ይከተላሉ።

ጀልባዬ፦
ዜማውን አረጋግጣለሁ! መርከቡ ላይ ሆነን ገና ሳይነጋ ከደሴቷ ይሰማ ነበር። ካፒቴኑ «ማንቂያ ደወል አያስፈልገኝም» ይል ነበር።

ሚሚ ድመት፦
ውይ ሲያምር! አንድ ቤት ውስጥ ማሳደግ ቢቻል።

ላባ ቆጣሪ፦
ስምሽን አይቼ ነው መሰለኝ ቀዝቀዝ ያለኝ። የዚህ ወፍ ትልቁ ጠላት ድመት ናት።

ሚሚ ድመት፦
ሁልጊዜ ድመት! ድመት ምን አደረገቻችሁ? አይጥ ትበላለች፣ ትተኛለች። አለቀ።

ላባ ቆጣሪ፦
አልዳብራ ላይ አላለቀም። ሬሉ አንዴ አራቱም ደሴቶች ላይ ነበር። ሰዎች ድመት ይዘው መጡ። ከግራንድ ቴር ጠፋ። ከፒካርድም ጠፋ። ዛሬም ግራንድ ቴር ላይ ያመለጡ ድመቶች አሉ፣ ሬል ግን የለም። ማላባር ላይ ድመት አልሰፈረችም፣ ሬሉ እዚያ ተረፈ። ካርታውን ብታዪው ሁለቱ አንድ ላይ የሚኖሩበት ደሴት የለም።

የሚያስገርመው አይጥ ነው። አይጥ በየደሴቱ ላይ አለ። ሬሉ ግን ከአይጥ ጋር ይኖራል። መንቁሩ ቀልድ አይደለም፣ እንቁላሉን ይከላከላል። ምናልባት መሬት ላይ የሚርመሰመሱት ሸርጣኖች ድሮውንም እንቁላል ሌባ ስለሆኑ ለምዶት ይሆናል። ድመት ግን ሌላ ነገር ናት። አድፍጣ ትዘላለች። ድንጋይ ሲንኳኳ «ምንድን ነው?» ብሎ የሚመጣ ወፍ ድመት ፊት ምን ይሆናል?

ሚሚ ድመት፦
ድመቷ በራሷ ዋኝታ አልሄደችም። ማን ወሰዳት? ሰው። ጥፋቱን ለሰው ስጡልኝ።

ላባ ቆጣሪ፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሙሉ በሙሉ።

ድንጋይ ፈላጭ፦
ሚሚ እውነቷን ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ከድመት የባሰ ነገር ሊመጣ ነበር። እንግሊዞች አልዳብራ ላይ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠሩ አስበው ነበር። ሳይንቲስቶች ጮኹ። በ1967 ዕቅዱ ተሰረዘ። ለወፍ ብለው እንዳይመስላችሁ፣ ገንዘብ አጥሯቸው ነው በዋናነት። በ1982 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

ጠያቂው፦
ፒካርድ ላይ ጠፋ ካላችሁ ጀልባዬ ያየው ምንድን ነው? ጫማውን የበላው ማን ነው?

ጀልባዬ፦
እኔም ይህን ልጠይቅ ነበር። በሕልሜ አይደለም!

ላባ ቆጣሪ፦
ሃሃ፣ አይደለም። ይህ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ፒካርድ ላይ ድመቶቹ ከጠፉ በኋላ በ1999 18 ሬሎች ተይዘው ወደ ፒካርድ ተወሰዱ። መጀመሪያ ቦታውን እንዲለምዱ አጥር ውስጥ ቆዩ፣ ከዚያ ተለቀቁ። በዚያው የዝናብ ወቅት መራባት ጀመሩ። ዛሬ ፒካርድ ላይ በሺዎች ይቆጠራሉ። ጀልባዬ፣ ማሰሪያህን የጎተተው የእነዚያ የ18ቱ ዘር ነው።

ካላየሁ አላምንም፦
18? ከ18 ሺዎች? የዘር መቀራረብ አይጎዳቸውም?

ላባ ቆጣሪ፦
ስጋቱ ልክ ነው። ጥቂት ወፍ የጀመረው ሕዝብ የሚይዘው የዘር ብዝኃነት ያንሳል። የረዳቸው ቶሎ መብዛታቸው ነው። ሕዝቡ ትንሽ ሆኖ ብዙ ዓመት ከቆየ በየትውልዱ ብዝኃነት ይባክናል። እነሱ ግን ክፍት ደሴት አገኙ፣ ጎረቤት የለ፣ ጠብ የለ፣ ምግብ ሙሉ። በፍጥነት ሞሉት።

ጠያቂው፦
ሌሎች ደሴቶች ላይስ? እንዲህ ዓይነት የማይበር ሬል የትም አለ?

ላባ ቆጣሪ፦
ነበር። ብዙ ነበር። ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ የቀረው የማይበር ወፍ የአልዳብራው ብቻ ነው። ዶዶን ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱ ግን ብቻውን አልሞተም። የሞሪሺየስ፣ የሮድሪገስ፣ የሬዩንየን ሬሎች ሁሉ ሄደዋል። ከአልዳብራ አጠገብ አሳምሽን የምትባል ደሴት አለች፣ ቅርብ ናት፣ 30 ኪሎ ሜትር አትሞላም። እዚያም የዚሁ ወፍ የቅርብ ዘመድ ነበር። ሰዎች የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ሊቆፍሩ ሰፈሩ፣ ሬሉ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ጠፋ።

ፓሲፊክ ላይ ደግሞ የዌክ ደሴት ሬል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደሴቷን የያዙት የጃፓን ወታደሮች ተከበቡ፣ ስንቅ ተቋረጠባቸው። የተራበ ወታደር፣ የማይበርና የማይፈራ ወፍ። ሌላ ማለት አልችልም።

እዚያው ፓሲፊክ ላይ ያለችው የጉዋም ደሴት ሬል የተሻለ ዕድል ነበረው። በመርከብ ጭነት ተደብቆ የገባ ቡናማ የዛፍ እባብ የደሴቷን የጫካ ወፍ ሊጨርስ ሲቃረብ፣ የቀሩት ጥቂት ሬሎች ተይዘው በሰው እጅ ተዋለዱ። በ1987 በዱር አንድም አልነበረም። እባብ ወደሌለባቸው ትንንሽ ደሴቶች ከተመለሱ በኋላ በ2019 «ከዱር የጠፋ» የሚለው ተፋቀላቸው። ከሞት ተነሣ የሚባል ካለ ለእኔ እሱ ነው።

ድንጋይ ፈላጭ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አልዳብራ ላይ ሁሉም አልተረፈም። በ1967 የተገኘች አንዲት ትንሽ ቡናማ የቁጥቋጦ ወፍ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1983 ነው። ተገኝታ እስክትጠፋ 16 ዓመት። ሰው ስሟን ለምዶ እንኳን አልጨረሰም።

ሚሚ ድመት፦
ጋሼ፣ ከሬሉ ይልቅ እሷ አሳዘነችኝ።

ጠያቂው፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ባሕሩ አሁንም ከፍ እያለ ነው። አልዳብራ 8 ሜትር ብቻ ናት ካላችሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቢሸፈንስ? ሬሉ እንደገና ይመጣል?

ድንጋይ ፈላጭ፦
8 ሜትር የላይኛው ጫፍ ነው። አብዛኛው መሬት ከዚያ ዝቅ ይላል። ሙሉ በሙሉ ለመስመጥ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ የእኔም የእናንተም ዕድሜ አይደርስበትም። ዳር ዳሩ ግን ቀድሞ ይነካል።

ላባ ቆጣሪ፦
በመርህ ደረጃ ይመጣል። ማዳጋስካር ላይ የሚበረው ወላጅ እስካለ ድረስ። ግን እዚህ ላይ ነው ርዕሱ ያናደደኝ። «ወፉ ራሱን ሁለት ጊዜ ሠራ፣ ሦስተኛም ይሠራል» ብሎ ዘና የሚል ሰው አየሁ። መጀመሪያ ደሴቷ መስመጥ አለባት፣ ከዚያ መልሳ መውጣት፣ ከዚያ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ማንም ድመት ይዞ መርከብ ማስጠጋት የለበትም። ሁለቱ ጊዜያት የተሳኩት ሰው ስላልነበረ ነው።

ደግሞ ስሙም አከራካሪ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት የአልዳብራውን ራሱን የቻለ ዝርያ ይሉታል፣ ሌሎች የማዳጋስካሩ ንዑስ ዝርያ ነው ይላሉ። ንዑስ ዝርያ ከሆነ «ዘመዱ ብዙ ነው፣ አያሳስብም» የሚል መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዝርያ ከሆነ በአንድ አቶል ላይ ብቻ ያለ ወፍ ነው። ወፉ ያው ነው፣ ወረቀቱ ነው የሚለያየው። እኔ በበኩሌ ዝርያ ይባል ባይ ነኝ።

ካላየሁ አላምንም፦
እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መድረክ ላይ ተሸንፌያለሁ ልበል? ግማሽ። ያ ድንጋይ ሲንኳኳ ይመጣል ያልከው ጀልባዬ፣ ቪዲዮ አለህ?

ጀልባዬ፦
ቪዲዮ የለኝም። ስልኬ በመልሱ ጉዞ ላይ ጨው ውኃ ጠጥቶ ቀረ። ማሰሪያው ግን አለ። ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተነቅላለች። ፎቶ አንሥቼ ማታ እለጥፈዋለሁ፣ ያኔ ታምናለህ።

ካላየሁ አላምንም፦
የጫማ ማሰሪያ ማስረጃ ይሆናል እንዴ?

ድንጋይ ፈላጭ፦
እኛ በአንድ የእግር አጥንት 100,000 ዓመት ሄደናል። ለጥፈው ልጄ።